ሰላም ተብሎ የተሰየመው ልጅ፦ የባሪሽ ማንቾ የሕይወት ታሪክ



በየቤታችን በአማርኛ ድምፅ የሚቀርቡትን የቱርክ ተከታታይ ፊልሞች የማያውቅ የለም። የገጸ ባሕርያቱን ስም ከነዘመዶቻቸው የሚቆጥሩልን እናቶች አሉ። የዚያችኑ አገር ሙዚቃ ግን ያን ያህል አናውቀውም። ስለዚህ በዘንድሮው መጽሔታችን የአንድ ቱርካዊ ዘፋኝ የሕይወት ታሪክ ላቀርብላችሁ ወድጃለሁ። ስሙ ባሪሽ ማንቾ ይባላል። ካረፈ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በአገሩ ግን ዛሬም ሕፃናት ዘፈኖቹን ያውቃሉ። በልጅነታቸው በቴሌቪዥን ያዩት ደግሞ ዛሬ እነሱም እናትና አባት ሆነዋል።

እሱን የመረጥኩበት ምክንያት አለኝ። የትምህርት ቤታችን ልጆች ከወላጆቻቸው አገር ርቀው ያድጋሉ፤ በቀን ውስጥ በሁለትና በሦስት ቋንቋ ይውላሉ። የሌላውን ለመማር የራስን መተው ያስፈልግ ይሆን? ይህ በወላጆች ስብሰባ ላይ ደጋግሞ የሚነሳ ጥያቄ ነው። ባሪሽ ማንቾ ጥያቄውን በሕይወቱ ፈትኖታል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልደትና ቤተሰብ

ባሪሽ የተወለደው ጃንዋሪ 2 ቀን 1943 በኢስታንቡል ከተማ፣ ኡስኩዳር በሚባለው ሰፈር ነው። ኢስታንቡል በሁለት አህጉር ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ቦስፎረስ የሚባለው ጠባብ ባሕር ለሁለት ይከፍላታል፤ በአንደኛው ዳር አውሮፓ፣ በሌላኛው ዳር እስያ ነው። ነዋሪዎቿ ጠዋት በእስያ ተነስተው በጀልባ ተሻግረው አውሮፓ ውስጥ ሥራ ይውላሉ። ኡስኩዳር በእስያው ወገን ነው።

ዘመኑ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነበር። ቱርክ እስከ 1945 መጀመሪያ ድረስ ከጦርነቱ ርቃ ብትቆይም ዙሪያዋ ያለው ዓለም ይነድ ነበር። ወላጆቹ የበኩር ልጃቸውን ሳቫሽ ብለውታል፤ ጦርነት ማለት ነው። ቀጥሎ የመጣውን ልጅ ግን በሚመኙት ነገር ሰየሙት። ባሪሽ በቱርክኛ ሰላም ማለት ነው። እኛም ሰላም፣ ድሉ፣ ዘመቻ እያልን በዘመኑ ሁኔታ ልጅ የምንሰይም ሰዎች ስለሆንን የዚህ ቤተሰብ አሳብ አይጠፋንም።

እናቱ ሪካት የቱርክን ነባር ሙዚቃ የሚዘፍኑና የሚያስተምሩ ነበሩ። አባቱ ኢስማኤል ሃኪ ይባላሉ። ወላጆቹ ልጁ ገና ሕፃን ሳለ ተለያይተዋል። የቤተሰቡ ሰላም እንደ ስሙ አልሰመረም፤ ሙዚቃው ግን ከእናቱ ወገን አብሮት ኖረ።

ትምህርትና የመጀመሪያው ባንድ

ባሪሽ በኢስታንቡል ታዋቂ ወደሆነው ወደ ጋላታሳራይ ትምህርት ቤት ገባ። ይህ ትምህርት ቤት ከኦቶማን ዘመን ጀምሮ በፈረንሳይኛ የሚያስተምር ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካ ሮክ ኤንድ ሮል በሬዲዮና በሸክላ ወደ ኢስታንቡል ወጣቶች ደረሰ። ባሪሽም በ1958 ከትምህርት ቤት ጓደኞቹ ጋር ካፋዳርላር የሚል ቡድን አቋቋመ። ትርጉሙ አሳባቸው የገጠመ ጓደኛሞች እንደማለት ነው። ልጆቹ ይጫወቱ የነበረው የውጭ አገር ዘፈን ሲሆን የሚዘፍኑትም በእንግሊዝኛ ነበር።

በ1959 አባቱ ሞቱ። ባሪሽ ያን ጊዜ ገና የ16 ዓመት ልጅ ነበር። ከጋላታሳራይ ወጥቶ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ተዛወረና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን እዚያ ፈጸመ። ሙዚቃውንም አልተወም። ሃርሞኒለር ከሚባለው ሁለተኛው ባንዱ ጋር በ1962 የመጀመሪያ ሸክላዎቹን አስቀረጸ። በዚያን ጊዜ ጆሮው ወደ ውጭ ነበር፤ ያስቀረጸውም የወቅቱን የትዊስት ዳንስ ሙዚቃ ነው።

የቤልጅየም ዓመታት

በ1963 ባሪሽ ለትምህርት ወደ አውሮፓ ሄደ። ታላቅ ወንድሙ አስቀድሞ ቤልጅየም ውስጥ ይማር ነበር። ባሪሽም በሊዬዥ ከተማ ወደሚገኘው የሥነ ጥበብ ንጉሣዊ አካዳሚ ገብቶ ሥዕልን፣ ግራፊክ ጥበብንና የቤት ውስጥ ንድፍን አጠና።

የሀብታም ልጅ የሽርሽር ኑሮ አልነበረም። ራሱን ለማስተዳደር ምግብ ቤት ውስጥ አስተናጋጅ ሆኖ ሠርቷል፤ ሌላም የተገኘውን የጉልበት ሥራ ሠርቷል። ቀን ክፍል ውስጥ፣ ማታ ሥራ ላይ፣ በእረፍት ቀን ደግሞ መድረክ ላይ ይውል ነበር። ከወላጆቻችን መካከል ይህን ዓይነት ኑሮ በራሳቸው የቀመሱ ብዙዎች ስለሆኑ ከዚህ በላይ መዘርዘር አያስፈልግም።

ሙዚቃውን በዚያም ቀጠለ። በ1964 በፈረንሳይኛ የዘፈናቸው ሥራዎች በሸክላ ወጡ። ቆይቶም ሌ ሚስቲግሪ ከሚባል ቡድን ጋር በአውሮፓ ከተሞች ተጫወተ። በ1967 በሆላንድ ከባድ የመኪና አደጋ ደረሰበት። ከንፈሩ አካባቢ የቀረውን ጠባሳ ለመሸፈን ጢሙን አሳደገ። በኋላ ቱርክ በሙሉ የምታውቀው ያ ወደ ታች የወረደ ረጅም ጢም የአደጋ ማስታወሻ ነበር። ጸጉሩም እስከ ትከሻው ወረደ፤ በጣቶቹ ላይ ትልልቅ ቀለበቶች፣ በትከሻው ላይ ጥንታዊ ካባዎች ታከሉበት። የተማረው የንድፍ ትምህርት በመድረክ አለባበሱ ላይ በግልጽ ይታይ ነበር።

በ1969 ከአካዳሚው በከፍተኛ ውጤት ተመረቀ። ወጣት ተማሪዎቻችን ይህን ልብ እንዲሉልኝ እፈልጋለሁ። ሙዚቃ ስለወደደ ትምህርቱን አልተወም፤ በትምህርት ምክንያትም ጊታሩን አላስቀመጠም። ስድስት ዓመት ፈጅቶበታል፤ ሁለቱንም ግን ይዞ ወጣ።

ወደ ራስ ዜማ መመለስ

ባሪሽ ውጭ በነበረባቸው ዓመታት በአገሩ አንድ ነገር ተጀምሮ ነበር። ሁሪየት የተባለው ጋዜጣ ከ1965 ጀምሮ ወርቃማው ማይክሮፎን የሚል የሙዚቃ ውድድር ያዘጋጅ ጀመር። ለተወዳዳሪዎች የቀረበው አሳብ ቀላል ነበር፤ የቱርክን ዜማ ወስዳችሁ በዘመናዊ የምዕራብ መሣሪያ ተጫወቱት የሚል። ወጣቶቹ ከተማ ውስጥ ያደጉ ስለሆኑ የገጠሩን ዜማ በደንብ አያውቁትም ነበር። ስለዚህ ወደ አያቶቻቸው ዘፈን መመለስ ግድ ሆነባቸው።

በቱርክ ገጠር አሺክ የሚባሉ ዘፋኞች አሉ። ከእኛ አዝማሪዎች ጋር የሚመሳሰሉበት ነገር ብዙ ነው። ሳዝ የሚባል አንገቱ ረጅም የሆነ የክር መሣሪያ ተሸክመው ከመንደር መንደር እየዞሩ ፍቅርን፣ ሞትን፣ ግፍንና ፈጣሪን ይዘፍናሉ፤ ግጥሙንም ራሳቸው ይደርሳሉ። የከተማ ወጣቶች ይህን ውርስ ከኤሌክትሪክ ጊታርና ከከበሮ ጋር ሲያገናኙት አናቶሊያ ሮክ የሚባለው ሙዚቃ ተወለደ። አናቶሊያ የቱርክ ሰፊው የእስያ ክፍል ስም ነው። ከባሪሽ ሌላ ኤርኪን ኮራይ፣ ጄም ካራጃና ሞዎላር የተባለው ቡድን የዚህ ሙዚቃ መሥራቾች ናቸው።

በሁለቱም ወገን የተቆጡ ነበሩ። የባህል ጠባቂዎች የአባቶችን ዜማ በጊታር አበላሻችሁት አሉ። ዘመናዊ ነን የሚሉት ደግሞ የገበሬ ዘፈን ከተማ ውስጥ ምን ይሠራል አሉ። የባሪሽ መልስ በ1970 ያወጣው «ዳላር ዳላር» የተባለው ዘፈን ነው፤ ተራሮች፣ ተራሮች ማለት ነው። ዘፈኑ ያዘነ ሰው ለተራሮች የሚያቀርበው አቤቱታ ነው። ከጊታሩ ጋር ከመንቼ የሚባል፣ እንደ መሲንቆ በደጋን የሚጫወቱት ጥንታዊ መሣሪያ ይሰማል። ሸክላው ከ700 ሺህ ቅጂ በላይ እንደተሸጠ ይነገራል። በዚያን ዘመን ለነበረችው ቱርክ ይህ እጅግ ብዙ ነው። በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ ሲዘፍን የቆየው ወጣት የአገሩን ሰው ልብ ያገኘው በአያቶቹ ቋንቋና በአያቶቹ መሣሪያ ታጅቦ ነበር።

በባቡር የተሰየመው ባንድ

በ1971 ባሪሽ ከሞዎላር ጋር ለጥቂት ጊዜ ሠራ። በ1972 ደግሞ እስከ ዕድሜው መጨረሻ አብሮት የኖረውን ባንድ አቋቋመ። ስሙ ኩርታላን ኤክስፕሬስ ነው። ይህ በደቡብ ምሥራቅ እስካለችው እስከ ኩርታላን የሚጓዝ የባቡር ስም ነው። ኩርታላን ሐዲዱ የሚያልቅባት ትንሽ ከተማ ናት። የኢስታንቡል ልጅ ባንዱን በሩቅና በድሃው የአገሪቱ ጥግ መሰየሙ ሙዚቃው ለማን እንደሆነ ይናገራል። በዚያው ወቅት ወታደራዊ ግዳጁን ለመፈጸም ሠራዊት ገባ፤ ያ የታወቀ ረጅም ጸጉሩም ተቆረጠ።

በ1975 «2023» የተባለውን አልበም አወጣ። የቱርክ ሪፐብሊክ የተመሠረተችው በ1923 ስለሆነ አልበሙ አገሪቱ መቶ ዓመት የሚሞላትን ጊዜ በአሳብ ወደ ፊት የሚመለከት ነበር። በውስጡ ረጃጅም የመሣሪያ ሙዚቃዎች አሉ። ገና 32 ዓመቱ የነበረ ሰው ከ48 ዓመት በኋላ የምትኖረውን አገሩን በዜማ ለማየት ሞከረ። እሱ ራሱ ወደ 2023 አልደረሰም፤ አልበሙ ግን ደርሷል።

በቀጣዩ ዓመት በትልቅ የውጭ ኩባንያ አማካይነት በእንግሊዝኛ የዘፈነው አልበም በአውሮፓ ገበያ ወጣ። ስሙ እንኳ ለውጭ ሰው እንዲመች ተደርጎ በሌላ ፊደል ተጻፈ። ትልቅ ተስፋ ተጥሎበት ነበር፤ ተስፋው ግን አልሰመረም። ባሪሽ ተመልሶ በቱርክኛ መዝፈኑን ቀጠለ። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ ወደኋላ እመለስበታለሁ።

በ1978 ላሌ ከተባለች ወይዘሮ ጋር ተጋባ። ዶኡካንና ባትካን የተባሉ ሁለት ወንዶች ልጆችንም ወለዱ።

ዘፈኖቹ ስለ ምን ነበሩ?

የባሪሽ ዘፈኖች አብዛኞቹ ትንንሽ ታሪኮች ናቸው። ተረትና ምሳሌ የሚወድ ሰው ነበር፤ የቱርክን የንግግር ፈሊጥ እየወሰደ ወደ ዘፈን ይለውጠው ነበር።

በ1979 ያወጣው አንድ ዘፈኑ ቢጫ ቦት ጫማ ስላደረገ መሐመድ አጋ ስለተባለ ሰው ነው። ይህ በቱርክኛ ማንነቱ ለማይታወቅ፣ አድራሻ ለሌለው ሰው የሚሰጥ የተለመደ ስም ነው። ባሪሽ ግን ይህን ስም የለሽ ሰው ወስዶ፣ በዚህ ዓለም የተሠራ ሥራ ሁሉ አንድ ቀን ሒሳቡ እንደሚከፈል ያስተምርበታል።

በ1983 የወጣው «ሃሊል ኢብራሂም ሶፍራሲ» የአብርሃም ማዕድ ማለት ነው። በእስልምናም ሆነ በክርስትና አብርሃም እንግዳ ተቀባይነቱ የታወቀ አባት ነው። በዘፈኑ ማዕዱ ለሁሉም ተዘርግቷል፤ የክብር ወንበር የሚሰጠው ግን ለሀብታሙ ሳይሆን ዓይኑ ለጠገበና ኅሊናው ንጹሕ ለሆነ ሰው ነው። «ጉልፔምቤ» የተባለው ዘፈን ደግሞ የአያቱ መታሰቢያ ነው። ዜማውን የደረሰው የባንዱ ባስ ጊታር ተጫዋች አህመት ጉቬንች ሲሆን ባሪሽ ለአያቱ ያለውን ናፍቆት ጨመረበት። የፍቅረኛ ዘፈን እየመሰላቸው የሚያንጎራጉሩት ብዙ ናቸው።

ለልጆች ከሁሉ የቀረበው «ጓደኛዬ አህያ» የሚለው ነው። በ1981 ወጣ። ከመንደሩ ወጥቶ ከተማ የገባ ሰው የቀረችውን አህያ፣ ሌሎቹንም ከብቶች እየናፈቀ ስለ ደኅንነታቸው ይጠይቃል። በቱርክም እንደ እኛው አህያ ብሎ ሰውን መጥራት ስድብ ነው። ባሪሽ ግን ስድቡን ወደ ወዳጅነት ለወጠው። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቱርካውያን ከገጠር ወደ ከተማ፣ ከዚያም አልፎ ለሥራ ወደ ጀርመን በተሰደዱበት ዘመን ዘፈኑ ልጆችን አሳቀ፣ አዋቂዎችን አስለቀሰ።

በ1988 የወጣው «ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ደበርጃን» ደግሞ ፈገግ ያሰኛል። አንድ ዓይን አፋር ሰው ስንት ጊዜ አስቦ፣ ስንት ጊዜ ተለማምዶ ለሚወዳት ልጅ ፍቅሩን ሊገልጽ አፉን ሲከፍት፣ በመንገድ የሚያልፍ አትክልት ሻጭ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሸቀጡን ይጣራል። በቃ፣ ነገሩ ተበላሸ። ቆራሌው ባልሆነ ሰዓት ሲጮህ ከእንቅልፉ የነቃ የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ ይህን ዘፈን ይረዳዋል።

በተከፋፈለ አገር ውስጥ

የሰውን ታሪክ የሚጽፍ ምስጋናውን ብቻ ቢያቀርብ ተማሪ አያምነውም። ባሪሽም ነቀፌታ ነበረበት።

በ1970ዎቹ መጨረሻ የቱርክ ወጣቶች በግራና በቀኝ ፖለቲካ ተከፋፍለው በየመንገዱ ይገዳደሉ ነበር። በሴፕቴምበር 1980 ወታደሮች ሥልጣን ያዙ፤ ብዙ ሰው ታሰረ፣ ብዙ ሰው ተሰደደ። በዚያው ዘመን በእኛም አገር የሆነውን የሚያስታውሱ አያቶችና ወላጆች ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉ። የአናቶሊያ ሮክ ዘፋኞችም መንገዳቸው ተለያየ። ጄም ካራጃ ስለ ሠራተኛውና ስለ ጭቁኑ በግልጽ ዘፈነ፤ ጀርመን ውስጥ ሳለ በ1983 ዜግነቱን ተነጠቀ፣ እስከ 1987 ድረስም አገሩ መግባት አልቻለም። ባሪሽ ግን በመንግሥት ቴሌቪዥን የሚታይ፣ ከሁሉም ጋር ተስማምቶ የሚኖር ዘፋኝ ሆኖ ቀጠለ። በዚህም ምክንያት ከትውልዱ መካከል ክፉኛ የታዘቡት ነበሩ።

እኔ በሁለቱ መካከል ፈራጅ ልሆን አልፈልግም። አገር በመከራ ላይ ስትሆን የሚናገር ሰው ያስፈልጋታል፤ ጄም ካራጃ ለተናገረው ዋጋ ከፍሏል። ባሪሽ የመረጠው ደግሞ ግራውም ቀኙም፣ ሃይማኖተኛውም ሌላውም በአንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የሚሰማውን ሙዚቃ ነው። ይህ ምርጫ የጎደለው ነገር አለ፤ ያስገኘው ነገርም አለ። ከፍ ያለ ክፍል ተማሪዎቻችን በሥነ ዜጋ ክፍለ ጊዜ ቢከራከሩበት መልካም የመወያያ ርዕስ ይወጣዋል።

ከ7 እስከ 77

የባሪሽን ስም በእያንዳንዱ ቤት ያስገባው በኦክቶበር 1988 በቱርክ መንግሥት ቴሌቪዥን የጀመረው «ከ7 እስከ 77» የተባለ ዝግጅት ነው። በቱርክኛ ከሰባት ዓመት ልጅ እስከ ሰባ ሰባት ዓመት ሽማግሌ ማለት ሁሉንም ዕድሜ የሚያቅፍ አነጋገር ነው። የግል የቴሌቪዥን ጣቢያ ገና ባልነበረበት ጊዜ ስለተጀመረ ቤተሰቡ በሙሉ አብሮ ያየው ነበር። ባሪሽ ከካሜራ ባለሙያዎቹ ጋር ሩቅ አገር ድረስ እየተጓዘ የሌላውን ሕዝብ ኑሮ፣ ምግብ፣ ሙዚቃና ልማድ ለአገሩ ሰው ያሳይ ነበር። ፓስፖርት ይዘው የማያውቁ የአናቶሊያ ገበሬዎች ዓለምን በእሱ ዓይን አዩ።

በዝግጅቱ ውስጥ ግን ከጉዞው የበለጠ የተወደደ አንድ ክፍል ነበረ። ስሙ ሰው የሚሆን ልጅ ነው። ቱርኮችም እንደ እኛ ጥሩ ሰብእና ላለው ሰው ሰው ሆነ ይላሉ። በዚህ ክፍል ትንንሽ ልጆች አንድ በአንድ ወደ መድረክ ይወጣሉ። ያ ረጅም ጸጉርና ትልልቅ ቀለበት ያለው ሰው ጎንበስ ብሎ፣ ማይክሮፎኑን ወደ ልጁ አፍ አስጠግቶ ስምህ ማን ነው፣ የት ትማራለህ፣ ምን ትወዳለህ ብሎ ይጠይቃል። ልጁ ሲያፍር ይጠብቀዋል። ሲሳሳት አይስቅበትም። ግጥም የሚያነብ፣ የሚዘፍን፣ አንዳንዴም ምንም ሳይናገር የሚቆም ልጅ ነበር። በመጨረሻ ነጥብ ይሰጣል፤ ነጥቡም ለሁሉም አስር ከአስር ነበር። ከዚያ በፊት ግን ጥርሱን እንደሚቦርሽ፣ አትክልቱን እንደሚበላ ማረጋገጫ ይጠይቃል። እናቶች ቤት ውስጥ ለዓመታት የለመኑትን ነገር ባሪሽ በአንድ ጥያቄ ያስፈጽመዋል ይባል ነበር።

እንደ መምህር ይህን ክፍል ሳስበው የሚገርመኝ ነጥቡ አይደለም፤ ለሁሉም አስር የሚሰጥ መምህር የትምህርት ቢሮ ይጠይቀዋል። የሚገርመኝ ትዕግሥቱ ነው። በእኛ ባህል ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም እንላለን። ትልልቆች ሲያወሩ ልጅ ዝም እንዲል እናስተምራለን፤ ይህም የራሱ ጥቅም አለው። ነገር ግን ጠይቀን መልሱን ሳንጠብቅ ወደ ሌላ ጉዳይ የምናልፍበት ጊዜ ብዙ ነው። በሚሊዮን ሰዎች ፊት፣ ሰዓት በሚቆጠርበት ቴሌቪዥን ላይ፣ አንድ አዋቂ የአምስት ዓመት ልጅ ዓረፍተ ነገሩን እስኪጨርስ ቆሞ ጠበቀ። የዚያ ዘመን ልጆች አድገው ዛሬም የሚያስታውሱት ይህንን ነው።

በቱርክኛ የዘፈነላቸው ጃፓኖች

አሁን ያዙልኝ ወዳልኳችሁ ነገር ልመለስ። በእንግሊዝኛ ዘፍኖ በአውሮፓ ያልተሰማው ባሪሽ በ1990ዎቹ ጃፓን ውስጥ ትልቅ ተቀባይነት አገኘ። በቱርክና በጃፓን መካከል የቆየ ወዳጅነት አለ፤ በ1890 ኤርቱሩል የተባለች የኦቶማን መርከብ በጃፓን ባሕር ዳርቻ ስትሰጥም የአካባቢው ዓሣ አጥማጆች በሕይወት የተረፉትን አውጥተው ተንከባክበዋል። ባሪሽ ከአንድ መቶ ዓመት በኋላ በዚህ ወዳጅነት መንገድ ሄደ። በ1995 በጃፓን ከተሞች ከባንዱ ጋር እየተዘዋወረ ዘፈነ፤ ከዚያ የተቀዳውም ሙዚቃ በ1996 በአልበም ወጣ። የዘፈነው በቱርክኛ ነበር። በአዳራሹ የነበሩት ጃፓኖች ቋንቋውን ሳያውቁ ዘፈኑን አብረውት ዘመሩ።

ሌላውን ለመምሰል በሞከረ ጊዜ በሌሎች ዘንድ ከብዙዎች አንዱ ሆኖ ታየ። የራሱን ይዞ በሄደ ጊዜ ግን ከእሱ በቀር ማንም የማያመጣውን ነገር ይዞ ሄደ። ይህን ማድረግ የቻለው ግን ቀድሞ ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ ስለተማረ፣ ጊታርና ሮክ ስላወቀ፣ በውጭ አገር አካዳሚ ስለሠለጠነ ነው። ቤልጅየም ባይሄድ ኖሮ «ዳላር ዳላር» በዚያ መልክ ባልተሠራ ነበር። የእናቱንና የአያቱን ዜማ ረስቶ ቢሆን ኖሮም እንደዚሁ።

በአገሩም ክብር አላነሰውም። በ1991 የመንግሥት አርቲስት የሚለው ከፍተኛ ማዕረግ ተሰጠው፤ በአንካራ የሚገኘው ሃጄቴፔ ዩኒቨርሲቲም የክብር ዶክትሬት ሰጠው። የቴሌቪዥን ዝግጅቱ አስር ዓመት ያህል ቆይቶ በ1998 አበቃ።

ሞቱና መታሰቢያው

ባሪሽ አርባ ዓመት የሞላውን የሙዚቃ ሕይወቱን የሚያከብርበት አልበም እያዘጋጀ ነበር። ጃንዋሪ 31 ቀን 1999 ምሽት፣ ሞዳ በሚባለው የኢስታንቡል ሰፈር በሚገኘው ቤቱ ሳለ በድንገተኛ የልብ ሕመም ተያዘ፤ በዚያው ሌሊት ወደ ሆስፒታል ተወስዶ አረፈ። ዕድሜው 56 ዓመት ነበር። የጀመረው አልበም «ማንቾሎጂ» ተብሎ ከሞቱ በኋላ በዚያው ዓመት ወጣ።

ቀብሩ ፌብሩዋሪ 3 ቀን በመንግሥት ሥነ ሥርዓት ተፈጸመ። እጅግ ብዙ ሕዝብ መንገዱን ሞልቶ ሸኘው። የታሰሩት የ1980ዎቹ ግራዎችም፣ ያሰሯቸው ወገኖችም፣ ሻሽ ያሰሩ አሮጊቶችም፣ ጊታር ያነገቡ ወጣቶችም በዚያ ሕዝብ ውስጥ የራሳቸውን ዘፈን አግኝተው ነበር ማለት ይቻላል። ሬሳ ሣጥኑ የአገሩን ሰንደቅ ዓላማና የልጅነት ትምህርት ቤቱን የጋላታሳራይን ባንዲራ ለብሶ ነበር። ያረፈው በቦስፎረስ የእስያ ዳር፣ ካንሊጃ በሚባለው ስፍራ ነው። የሞዳው ቤት በ2010 ሙዚየም ሆኖ ተከፍቷል። ካባዎቹ፣ ቀለበቶቹና ፒያኖው እዚያ ይገኛሉ። በሁለቱ አህጉራት መካከል ከሚመላለሱት የኢስታንቡል ጀልባዎች አንዷም በስሙ ተሰይማለች። ሕይወቱን በሙሉ በሁለት ዳር መካከል ለተመላለሰ ሰው ከዚህ የተሻለ መታሰቢያ አይገኝም።

ከዚህ ሕይወት ምን እንውሰድ?

ውድ ተማሪዎች፣ የምትማሩበትን አገር ቋንቋ በደንብ ያዙ፤ እንግሊዝኛውንም፣ ሌላውንም አጥብቃችሁ ተማሩ። ከቤት ይዛችሁ የመጣችሁትን አማርኛ ግን እንደ ሸክም አትቁጠሩት። አያታችሁ ስልክ ሲደውሉ የሚነግሯችሁን ተረት፣ በበዓል ቀን በቤታችሁ የሚሰማውን ዜማ ጻፉት፣ ቅዱት። ዛሬ ምን እንደሚሠራላችሁ ላይታያችሁ ይችላል። ባሪሽም በ1962 ትዊስት ሲዘፍን አልታየውም ነበር።

ክቡራን ወላጆች፣ ለእናንተ አንድ ትንሽ የቤት ሥራ አለኝ። ዛሬ ማታ እራት ላይ ከልጆቻችሁ ትንሹን ዛሬ ምን ተማርክ፣ ወይም ዛሬ ምን ተማርሽ ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ ስልካችሁን አስቀምጡና መልሱ እስኪያልቅ ጠብቁ። በግማሽ አማርኛ፣ በግማሽ ሌላ ቋንቋ ቢመልስም አታቋርጡት፤ እስኪጨርስ ስሙት፣ ማረሙ በኋላ ይደርሳል።

መልካም የትምህርት ዘመን ይሁንልን።